የቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍና ሲቆራረጥ፦ ሕመሙ የቱ ጋ ነው?

የቤት ኢንተርኔት አራት ቦታዎች ላይ የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በሬዲዮ ሞገድ ይነጋገራል፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ራውተሩ ከቴሌ ጋር በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በ4ጂ ይገናኛል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ መረጃው የአገር ውስጡን መስመር ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፣ በጂቡቲና በኬንያ በኩል የሚያልፉ መስመሮች ናቸው ባሕር ውስጥ ከተዘረጉት ኬብሎች ጋር የሚያገናኟት። አራተኛው ቦታ የሚፈለገው ገጽ ወይም ቪዲዮ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ ነው። ከአራቱ የትኛውም ቢታመም ስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ግን ያው አንድ ነው፤ መሽከርከሯን የማታቆም ክብ።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው የተለመደ አነጋገር አራቱንም በአንድ ላይ ስለሚከስ ለጥገና አይረዳም። አዲስ ራውተር ተገዝቶ፣ ወርኃዊው ጥቅል በእጥፍ አድጎ፣ ኢንተርኔቱ እንደ ቀድሞው የሚንቀራፈፍባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ የሚሆነው ሕመሙ ያለበት ቦታ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ስለተገዛ ነው። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄድም ሆነ ቴሌ ከመደወል በፊት ሰንሰለቱ በየክፍሉ ይለካል።

ለመለካት ደግሞ መለኪያውን ማወቅ ይቀድማል። ጥቅል ሲሸጥ የሚነገረው ቁጥር በሜጋቢት ነው፤ ፋይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ግን ብዙውን ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። «10 ሜጋ» የሚባለው መስመር በሴኮንድ ቢበዛ የሚያወርደው 1.25 ሜጋባይት ነው ማለት ነው። 1 ጊጋባይት የሆነ ፊልም በዚህ መስመር ላይ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ እንኳ፣ ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የተከፈለበት ፍጥነት ተጓደለ ከሚሉት ቅሬታዎች አንዳንዶቹ መነሻቸው ይኸው የቢትና የባይት መምታታት ስለሆነ፣ ምንም ዓይነት ጥገና አያሻቸውም።

ከፍጥነቱ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መልእክት ተልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው የደርሶ መልስ ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሚሊሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ሁለተኛው የሚጠፋው መጠን ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ፊልም ለሚያወርድ ሰው የቀሩት እሽጎች እንደገና ስለሚላኩ ጉዳቱ መዘግየት ብቻ ነው። ከዱባይ በቪዲዮ ለሚደውል ዘመድ ግን እንደገና መላኪያ ጊዜ የለም፤ የጠፋው እሽግ የተዋጠ ቃል ነው። የቪዲዮ ጥሪ 2 ወይም 3 ሜጋቢት ይበቃዋል። 50 ሜጋ ያለው ቤት ውስጥ ጥሪ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ የጎደለው የመስመሩ ስፋት ስላልሆነ ጥቅሉን ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው።

የመለያው ፈተና ቀላል ነው። ላፕቶፑ በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፤ የላፕቶፑ ዋይፋይ ይጠፋል፤ ሌሎቹ ስልኮችና ቴሌቪዥኑ ለጥቂት ደቂቃ ከመስመሩ ይወጣሉ። ከዚያ እንደ ስፒድቴስት ወይም እንደ ፋስት ያለ የፍጥነት መለኪያ ይከፈትና የወጣው ቁጥር ይጻፋል። ቀጥሎ ኬብሉ ተነቅሎ፣ ዋይፋዩ በርቶ፣ ችግር ያለበት ክፍል ውስጥ እንደገና ይለካል። በኬብል የተለካው ከተከፈለበት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ በዋይፋይ የተለካው ከወረደ ሕመሙ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ከወረዱ ወደ መስመሩ ይኬዳል። ላፕቶፕ በሌለበት ቤት፣ ስልኩን ከራውተሩ አንድ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይዞ መለካት የኬብሉን ያህል ባይታመንም ለመነሻ ይሆናል።

ፈተናው ራሱ የሚያታልልበት መንገድም አለ። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ሽቦዎች አሉ። ከስምንቱ አራቱ ብቻ ሲነኩ መስመሩ አይጠፋም፤ ነገር ግን ከ100 ሜጋቢት በላይ አይሄድም። መያዣ ምላሷ የተሰበረች የኬብል ጫፍ ደግሞ ስትነካካ ትሠራለች፣ ስትተው ታቋርጣለች። ስለዚህ በኬብል የተለካው ውጤት መጥፎ ሲሆን መጀመሪያ ኬብሉ በሌላ ተቀይሮ ይሞከራል።

ለሚቆራረጥ ኢንተርኔት ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ይሻላል። በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ የራውተሩ አድራሻ ይጠራል፤ ይህ አድራሻ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ሲሆን ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በሌላ መስኮት ደግሞ የጉግል የሆነው 8.8.8.8 ይጠራል። ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ተደርጎ አሥር ደቂቃ ያህል ይተዋሉ። ራውተሩ በኬብል ሲጠራ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ፣ በዋይፋይ ሲጠራ በጥቂት ሚሊሴኮንድ መመለስ አለበት። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ራውተር አንዴ በ5፣ አንዴ በ400 ሚሊሴኮንድ የሚመልስ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ዝም የሚልበት ጊዜ ካለ፣ ቴሌ መደወል አያስፈልግም። ራውተሩ ሳያወላውል እየመለሰ 8.8.8.8 ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ቤቱ ነጻ ነው፤ ክሱ ወደ ውጭ ያልፋል።

ቤት ውስጥ በእጅ የሚፈቱት ችግሮች አብዛኞቹ የዋይፋይ ናቸው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማየትም ይገባል። የራውተሩን ቦታ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የቴሌ ሽቦ ነው። ሽቦው በሳሎኑ ጥግ ይገባል፤ ራውተሩም እዚያው ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ለዓይን እንዳያስቀይም ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ይደበቃል፤ አንዳንድ ቤት ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ የአየር መውጫውን ግን ይደፍናል፤ የጋለ ራውተር ደግሞ እየተንቀራፈፈ ይሠራል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ብረት ስለሆነ ሞገዱን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል።

ሁሉም ግድግዳ እኩል አይደለም። እንጨትና የደረቀ ጭቃ ሞገዱን ብዙም አያስቸግሩትም። ብሎኬት ይቀንሰዋል። ፌሮ የታሰረበት የኮንክሪት ዓምድና ወለል ክፉኛ ያዳክመዋል። ቆርቆሮና የፊት መስታወት ግን ጭራሽ ይመልሱታል፤ ባለ ሙሉ መስታወት ቁም ሣጥን ከጀርባው ላለው መኝታ ቤት የብረት ግድግዳ ማለት ነው። ውሃም ሞገዱን ይውጣል፤ በጓሮ ያለው ሮቶ በራውተሩና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ከገባ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ለምን እንደማያገኝ ምክንያቱ ፊቱ ቆሟል። መፍትሔው ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል፣ ከፍ ወዳለና ወደ ተገለጠ ቦታ ማምጣት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ገመድ ብቻ ስለሆነ ከአዲስ ራውተር እጅግ ይረክሳል።

የሞገዱ ብርታት የሚነበበው በዴሲቤል ሚሊዋት ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። በስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መመርመሪያ አፖች ያሳዩታል። ከዜሮ በታች 50 ጠንካራ ነው። ከዜሮ በታች 67 ድረስ ቪዲዮም ጥሪም ይሠራል። ከዜሮ በታች 80 ሲደርስ ስልኩ ተገናኝቻለሁ ይላል እንጂ የሚሠራው ነገር የለም። በየሦስቱ ዴሲቤል ኃይሉ በግማሽ እንደሚቀንስ ከታወቀ፣ ራውተሩን አንድ ሜትር ከቡፌው ማውጣት ለምን ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ግልጽ ይሆናል።

አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ነገር ግን የተጨናነቀ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ፣ ብሉቱዝና የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ እዚያው ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ከሁለት ግድግዳ በኋላ ግን ይደክማል። ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ በ5፣ ጓዳና ሰርቪስ ቤት ያሉት በ2.4 ቢሆኑ የተሻለ ነው።

የመጨናነቁ ነገር በኮንዶሚኒየም ይብሳል። አንድ ደረጃ ላይ ያሉ አባወራዎች ሁሉ ራውተር ካላቸው፣ ሳሎን ተቀምጦ አሥራ አምስት የዋይፋይ ስም መቁጠር ብርቅ አይደለም። 2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 13 ቻናል ይከፈላል፤ ሳይነካኩ አብረው መሥራት የሚችሉት ግን 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ቻናል 3 ወይም 8 የሚመርጥ ሰው ከሁለት ወገን ጎረቤት ጋር ይጋጫል። በሦስቱ ቻናሎች ላይ ስንት ስም እንዳለ በመመርመሪያው አፕ ተቆጥሮ፣ ትንሽ ሰው ያለበት በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይመረጣል።

ዋይፋይ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ የሚጠብቅበት አሠራር ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ ሁለት መሣሪያ እኩል ማውራት አይችልም። ሥርዓት ያለው የዕድር ስብሰባ ይመስላል። ስብሰባውን የሚያስረዝመው ግን ብዙ የሚናገረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚናገረውም ነው። ጓሮ ያለ፣ ሞገዱ የደከመበት አሮጌ ስልክ አንድን ነገር ለመላክ የአየሩን ጊዜ ረጅም ስለሚይዝ፣ ሳሎን ያለው አዲስ ስልክ ሳይቀር ይንቀራፈፋል። በአንድ ግቢ አከራይና ተከራይ አንድ ራውተር ሲጋሩ «እነሱ ምንም ሳይጠቀሙ» ኢንተርኔቱ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ደግሞ የይለፍ ቃሉ ለስንት ሰው እንደደረሰ አለመታወቁ ነው። ራውተሩ በማስተካከያ ገጹ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያሳያል፤ ከቤተሰቡ መሣሪያዎች ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ ቃሉ ይቀየራል።

ለራቀ ክፍል ብዙ ሰው ሪፒተር ይገዛል። ርካሹ ሪፒተር በአንዱ ሬዲዮ ከራውተሩም ከስልኩም ጋር ስለሚነጋገር ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ይባስ ብሎ ሞገዱ በሞተበት ክፍል ውስጥ ይሰካል፤ የሚደግመው ነገር በሌለበት። መሰካት ያለበት ሞገዱ ገና ደህና በሆነበት መካከለኛ ቦታ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን እስከ ሰርቪስ ቤቱ የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ እዚያ ሁለተኛ ማሠራጫ ማስቀመጥ ይበልጣል፤ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሠራል።

ስለ መብራት የሚነገረው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። የራውተሩ አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ ራውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚበቃውን ያህል አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው። መስመሩ ደካማ በሆነ ቤት ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ያረጀው አዳፕተርም ያን ጊዜ ራውተሩን ይጥለዋል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኢንተርኔት ለሚጠፋበት ቤት ራውተር መቀየር ፋይዳ የለውም፤ ቮልቱና አምፔሩ ከበፊቱ ጋር የተስማማ አዳፕተር ይበቃል። መብራት በሄደ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ለራውተር የሚሆን ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪም ጥሩ ግዢ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የሰንሰለቱ ክፍል፣ ከቤት ወደ ቴሌ ወደሚሄደው መስመር። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ብሮድባንድ ድምፅንና ኢንተርኔትን በአንድ ሽቦ ያሳልፋል። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይጓዛል፤ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎኸርዝ በላይ። ሁለቱን የምትለየው ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ሣጥን ናት። ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ ስፕሊተሯ ተበላሽታለች፣ አለዚያም አንደኛው የስልክ ቀፎ በስፕሊተሯ በኩል ሳያልፍ ከሽቦው ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ለመፈተን ቀፎው ተነስቶ አንድ ቁጥር ይጫንና ይደመጣል። ጸጥታው ውስጥ ሽሽታ ወይም መንጫጫት የሚሰማ ከሆነ ሽቦው ታምሟል፤ ኢንተርኔቱም ከዚያው ሕመም ነው የሚሠቃየው።

የመዳብ ሽቦ ጠላቱ ክረምት ነው። ምሰሶ ላይ ያለ መገጣጠሚያ ውሃ ይገባዋል፣ ይዝጋል፤ በጋ ላይ ይደርቅና ደህና ይመስላል። በዝናብ ቀን የሚጠፋና ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ኢንተርኔት ምልክቱ ይህ ነው፤ ለቴክኒሺያን ሲነገርም ግማሹን ሥራ ያቀልለታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሽቦ የሚቀጥሉ ሰዎች የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ። የስልክ ሽቦ ሁለቱ ጭረቶች የተጠማዘዙት በምክንያት ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ይህን ዘዴ ያመጣው በአጠገቡ ካለ ሽቦ የሚገባውን ረብሻ ለማጥፋት ነበር። ጠመዝማዛው ተፈትቶ በተራ የመብራት ገመድ አሥር ሜትር ሲቀጠል፣ ያ አሥር ሜትር አንቴና ይሆንና የሰፈሩን ረብሻ ሁሉ ይሰበስባል። ስልኩ ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ግን ይጎዳል።

ራውተሩ የመዳቡን መስመር ጤንነት በሁለት ቁጥር ይናገራል፤ ሁለቱም በማስተካከያ ገጹ ላይ ይገኛሉ። አንዱ በርቀት ምክንያት የሚጠፋው ኃይል ነው። ከ20 ዴሲቤል በታች ከሆነ ቤቱ ለቴሌ ማከፋፈያ ቅርብ ነው፤ 60 አካባቢ ከሆነ ሩቅ ነው፣ ያንን ደግሞ ምንም ራውተር አያሻሽለውም። ሌላው ምልክቱ ከረብሻው በላይ ያለው ትርፍ ነው። 6 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ይፈለጋል፤ ከዚያ ሲያንስ መስመሩ በትንሹም በትልቁም ይቋረጣል። ምሽት ላይ ብቻ የሚቋረጥ መስመር ካለ፣ ቀንና ማታ ይህን ቁጥር ጽፎ ማነጻጸር ይጠቅማል።

ፋይበር ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ ዝናብም የሽቦ ረብሻም አይደርስበትም። ጠላቱ መታጠፍና አቧራ ነው። ብርሃን የሚሄድበት የመስታወት መሐል ውፍረቱ 9 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ብዙ እጥፍ ይቀጥናል። በምስማር ሥር የታጠፈ፣ በር የረገጠው ወይም ቡፌ የተጫነው ገመድ ብርሃኑን ያፈስሳል። ገመዱ ሲጠመዘዝ ክቡ ከሻይ ስኒ አፍ ባያንስ ጥሩ ነው። በፋይበሩ ሣጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃን አይደርስም ማለት ነው፤ አጥፍቶ ማብራት አይፈታውም፤ የሚሻለው ቴሌ መጥራት ነው። ጫፉን ነቅሎ በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባበታል። በጫፉ ውስጥ በዓይን ማየት ደግሞ ክልክል ነው፤ ብርሃኑ ስለማይታይ አደጋ የሌለው ይመስላል።

4ጂ ለሚጠቀም ቤት ዋናው ነገር ራውተሩ የሚቀመጥበት መስኮት ነው። የቴሌ አንቴና ወዳለበት አቅጣጫ ያለ መስኮት ተመርጦ፣ በየቦታው ለጥቂት ደቂቃ ተለክቶ፣ ጥሩ የሆነበት ይያዛል። የሚታየው የምልክት ብርታት፣ ከዋይፋዩ ልኬት በተለየ፣ ከዜሮ በታች 80 አካባቢ ከሆነ ግሩም ነው፤ 110 ሲደርስ ደካማ ነው። በቆርቆሮ ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠ የ4ጂ ራውተር ግን ማንም አያድነውም፤ ይውጣ።

ቤቱም መስመሩም ደህና ሆነው ኢንተርኔቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሞትበት ሁኔታ አለ፤ ብዙውን ሰው የሚያሳስተውም ይህ ነው። በመዳብ መስመር ላይ የመላኪያው መንገድ ከመቀበያው በጣም ይጠብባል። አንድ ስልክ ከሠርግ የተነሡ ፎቶዎችን በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ፎቶ መጫን ሲጀምር ያች ጠባብ መንገድ ትሞላለች። ማንኛውም ነገር ሲወርድ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልእክት ወደ ላይ መላክ አለበት፤ መልእክቱ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማውረዱም ይቆማል። ሰልፉ የሚከማችበት ቦታ ደግሞ ራውተሩ ራሱ ነው። አሜሪካዊው ኢንጂነር ጂም ጌቲስ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ይህን ያገኘው ቤቱ ተቀምጦ ትልቅ ፋይል ሲልክ የቤተሰቡ ኢንተርኔት እንደሚሞት በማስተዋሉ ነው። ራውተሮቹ ከሚገባው በላይ ብዙ እሽግ እያጎሩ እንደሚያዘገዩ አሳየ፤ ቡፈርብሎት የሚለውን ስምም ሰጠው። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ፎቶ መጫኑንና የዊንዶውስ ማሻሻያውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ የመላኪያውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም በአሥር በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ መገደብ። ቴሌግራም ቪዲዮዎችን በራሱ እንዳያወርድ ማድረግም ከዚሁ ይቆጠራል።

ከቤት ውጭ ያለውን ነገር በተመለከተ የተጠቃሚው ድርሻ ማወቅ ብቻ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠቀም የሚዘገይ መስመር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይፈጥናል፤ የሁለቱ ልኬት ሰፊ ልዩነት ካለው ችግሩ መጨናነቅ ነው። የፍጥነት መለኪያ ገጾችም ራሳቸው ቅርብ ያለውን ሰርቨር ስለሚመርጡ፣ የአገር ውስጡ ጥሩ ሆኖ የውጭው መጥፎ ሲሆን አያሳዩም። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ከአዲስ አበባ ሲጠራ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ቢወስድ ብልሽት አይደለም፤ ርቀት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ባሕር ውስጥ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ወለል ላይ ሦስት ኬብሎች ተቆርጠዋል፤ ሩቢማር የተባለችው የተመታች የጭነት መርከብ መልህቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሳትቆርጣቸው እንዳልቀረች ተነግሯል። ከተቆረጡት መካከል ጂቡቲ ላይ የሚያርፍ ይገኝበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ራውተር አጥፍቶ የሚያበራ ሰው ደክሞ ይቀራል። ገጾች ለመከፈት ሲዘገዩ፣ ከተከፈቱ በኋላ ግን የሚፈጥኑ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ዘግይቷል። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ለዚሁ አገልግሎት በተተወው ቦታ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መሙላት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

አጥፍቶ ማብራት ይሠራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የተጣበቀ ራውተርን ይፈታል። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ ሕመሙን መሸፈኛ ሆኗል። ከማጥፋት ጋር መምታታት የሌለበት በስቴኪኒ የሚጫነው የኋላ ቀዳዳ ነው። እሱ የሚያጠፋው በቴሌ የተሰጠውን የመስመር መለያ ስምና ቃል ነው፤ ያ ሳይጻፍ ቀርቶ የተጫነ እንደሆነ፣ ይንቀራፈፍ የነበረው ኢንተርኔት ጭራሽ ይቀራል።

ቴሌ መደወያው ሰዓት የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። 994 ላይ «ኢንተርኔቴ አይሠራም» ከማለት ይልቅ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የተጻፉ ልኬቶችን መናገር ይጠቅማል፦ በኬብል ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት፤ የትኛው መብራት ቀይ እንደሆነ፤ ራውተሩ ይመልስ እንደነበር፤ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም። ቴክኒሺያኑ መጥቶ ሲጨርስ ደግሞ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ያው የኬብል ፈተና፣ በዚያው ላፕቶፕና በዚያው ኬብል፣ እንደገና ይሠራል። ቁጥሩ ካልተለወጠ መስመሩ አልተጠገነም።